ድንጋዩ እስኪወቀር

ወንድሜ «ቅዳሜ ይወሰዳል» ያለኝ ቆሞ ነው፤ ቢቀመጥ እንደምከራከረው ያውቃል። የሚወሰደው ቢቸና ባለችው ትንሽ የጽሕፈት ሱቃችን ውስጥ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበር። የሚወስዱት ደግሞ ሞጣ ላይ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። በላፕቶፕ ሊለውጡልንና የእኛን ለመለዋወጫ ሊፈቱት ከወንድሜ ጋር ተስማምተዋል።

«አልተበላሸም» አልኩት።

«የእድሩን ደንብ ስንት ጊዜ ጻፍከው?»

የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ረጅም ነው። ማሽኑ ላይ የነበረው የጽሑፍ ፕሮግራም ገጽ ሲበዛበት ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ፋይሉን ራሱን ያበላሸዋል። ደንቡን ደጋግሜ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የተሻለ ኤዲተር፣ ማለትም ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ልጭን ስሞክር ማሽንህ አሮጌ ነው፣ በዚህ አይሠራም የሚል መልእክት ይመጣል።

ያናደደኝ ይህ መልእክት ነው። ማሽኑን ማን መርምሮት ነው አይሠራም የሚባለው? ማራገቢያውን የቀየርኩለት፣ ሜሞሪውን አውጥቼ እግሮቹን በላጲስ የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር የተማርኩትም ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን እሱኑ እየፈታሁ፣ እሱኑ እየገጠምኩ ነው። ማሽኑ አልሞተም። የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሰው ለእንዲህ ያለው ማሽን ፕሮግራም ማዘጋጀት አያስፈልግም ብሎ ወስኖበት እንጂ። የኤዲተሩ ሶርስ ኮድ ግን ለማንም ክፍት ነው። ሰዎች የጻፉትን ያን ኮድ ማሽኑ ወደሚያሠራው ፕሮግራም መለወጥ ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። አድርጌው አላውቅም ነበር። ቢሆንም፣ እነሱ ካላዘጋጁልኝ እኔው አዘጋጀዋለሁ አልኩ።

«ሐጂ ቅዳሜ ሲመጡ ደንቡ ተጽፎ ቢያገኙትስ?» አልኩት ወንድሜን።

«ካገኙትማ ይቀራል» ብሎኝ ወጣ። እንደማያገኙት እርግጠኛ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቢቸና ላይ የስልክ ዳታ ስለማይሠራ ኮዱን ለማውረድ ሞጣ ሄድኩ። እዚያ ኢንተርኔት ያለው የማውቀው ሰው ደግሞ ሐጂ ብቻ ናቸው። ሆዳቸው በተከፈተ ቴሌቪዥኖች መካከል ተቀምጠው ምን ላወርድ እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እኔ የምወስደውን ማሽን፣ በእኔው ኢንተርኔት ልታስቀረው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ድፍረቱን እዩልኝ!» ሳቁና የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ስልኬ ላይ ጻፉልኝ። «አውርድ። ቅዳሜ ግን ካቻቢቴዬን ይዤ ነው የምመጣ።»

ኮዱንና አብረውት የሚያስፈልጉትን ሁሉ በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ።

ሱቃችን ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ አምፖላችን ይደበዝዛል፣ ኮምፒውተሩም ይጠፋል። ኮምፓይል ማድረግ ግን ለዚህ የሚመች ጠባይ አለው፤ ሥራው በብዙ ትናንሽ ፋይሎች የተከፋፈለ ስለሆነ መሀል ላይ ቢቋረጥ ያለቀው አይነካም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወፍጮው አጠፋብኝ፣ እኔም አበራሁ።

ሐሙስ አንድ ትልቅ ፋይል ላይ ስደርስ ነገሩ ተለወጠ። ለዚህ ማሽን ያ ፋይል ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። መሀል ላይ ከጠፋ ደግሞ ፋይሉ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ወፍጮው ደግሞ እየቆመ ይነሳል እንጂ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ አያውቅም። ማታ ደግሞ መብራቱ ራሱ አይኖርም። ጀመርኩ፣ ጠፋ። ጀመርኩ፣ ጠፋ። ተነስቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ውስጡ ደግሞ እህል ይዘው በተሰለፉ ሴቶች ሞልቷል።

ሞተሩ ጋብ ሲል «ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ቢያቆሙልኝ» አልኩት ባለ ወፍጮውን። «ኮምፒውተሩ ሥራ ሊጨርስ ነው።»

ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። «ስሙልኝ! ይህ ሁሉ እህል ቆሞ፣ ለሳጥን ብዬ ወፍጮ ላቁም?»

«ሳጥንህ ምን ይፈጫል?» አለችኝ ከሴቶቹ አንዷ።

«ፊደል።»

«ፊደልማ ጥሬውን ይበላል!» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ልወጣ ስል አንዲት ባልቴት የተፈጨላቸውን በጣታቸው እያሹ ወደ ባለ ወፍጮው ቀረቡ። «ልጁን ተወውና ይህን እይ። ዱቄት ነው ክክ? ድንጋይህ ሙልጭ ብሏል።»

«ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እወቅረዋለሁ፣ እናቴ።»

የወፍጮ ድንጋይ ሙልጭ ሲል በመዶሻ ወቅረው ፊቱን መልሰው ሻካራ ያደርጉታል። ድንጋዩ ሲወቀር ወፍጮው ግማሽ ቀን እንደሚቆም ከግድግዳው ማዶ ሆኜ አውቃለሁ።

«ቅዳሜ አይሁን ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «ቀደም አድርገው ይውቀሩት። ድንጋዩን እኔ አነሳልዎታለሁ።»

«ቅዳሜስ ምን አለበት?»

«ቅዳሜ ማሽኔን ሊፈቱት ይወስዱታል። አርጅቷል ብለው።»

ባለ ወፍጮው ወደ ሞተሩ ዞር ብሎ አየና «ይህንንም አርጅቷል ይሉኛል» አለ። «ነገ በጠዋት ና። የላይኛው ድንጋይ ከባድ ነው፣ ቁርስህን በልተህ ና።»

ዓርብ ጠዋት ድንጋዩን አብረን ገለበጥን። ወገቤን ይዤ ወደ ሱቅ ተመልሼ ኮምፓይሉን አስጀመርኩ። መዶሻው ከግድግዳው ማዶ ቀጭ ቀጭ ሲል ትልቁ ፋይል አለቀ፤ የቀሩትም ተከተሉት። በመጨረሻ ፋይሎቹ ሁሉ ተገጣጥመው አንድ ፕሮግራም ሊሆኑ ሲሉ ማሽኑ ቆመና አንዱን ፋይል አላወቅኩትም አለ። መጠኑን አየሁ፤ ዜሮ። ረቡዕ እየተጻፈ ሳለ መብራቱ ጠፍቶበት ስሙ ብቻ ቀርቷል። ማሽኑ ግን ስሙን አይቶ አልቋል ብሎ አልፎት ነበር። ያን ባዶ ፋይል ሰርዤ እንደገና አሠራሁት። ተገጣጠመ። መዶሻው ገና አላቆመም ነበር።

ኤዲተሩ ተከፈተ። የእድሩን ደንብ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ጻፍኩበት። አልደረቀም።

ቅዳሜ ሐጂ ካቻቢቴያቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው መጡ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆመ። ደንቡን ከላይ እስከ ታች እያወረድኩ አሳየኋቸው።

«የተጻፈውንማ አየሁ። እስቲ አሁን ጻፍበት።»

«ምን ልጻፍ?»

«ሐጂ ከሞጣ ለከንቱ መጣ በል!»

«መጡ» ብዬ በአክብሮት ልጽፈው ስጀምር አዲስ የተወቀረው ወፍጮ ተነሳ። ስክሪኑ ጨለመ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተፈረደ!» ሐጂ ጭናቸውን መትተው ካቻቢቴያቸውን አወጡ። ወንድሜ አየኝ። ሞተሩ እስኪረጋ ጠብቄ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ማሽኑ ሲነሳ ጊዜ ይወስዳል። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ኤዲተሩን ስከፍተው ያልተቀመጠ ጽሑፍ አለ፣ ልመልሰው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልኩት። ደንቡ ሙሉውን መጣ፤ ከመጨረሻው አንቀጽ በታች ደግሞ «ሐጂ ከሞጣ ለከንቱ መ» ይላል።

ሐጂ አጎንብሰው አነበቡት። ካቻቢቴውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ሐጂ፣ ሻይ ልዘዝልዎ?» አለ ወንድሜ።

እኔ «ጡ»ን ጨመርኩና አራት ነጥብ አደረግኩበት።