የአገር ስሞች ደብተር

አሻግሬ አሜሪካ ውስጥ በዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የሠራተኞችን አውቶቡስ ይነዳል። ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ፤ ስድስት ዓመት ሆነው።

ለሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ከኋላው ባለው ወንበር ላይ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ይቀመጡ ነበር። ተርሚናሉ ውስጥ ባለ ኑድል ቤት ይሠራሉ። መንገዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያች ጊዜ የአንድ አገር ስም በጃፓንኛ ከየት እንደመጣ ይነግሩታል። ጃፓኖች እንግሊዝን «ኢጊሪሱ» የሚሏት ስሟን ከፖርቱጋል ሰዎች ስለሰሙ ነው፤ ጀርመንን «ዶይትሱ» ያሏት ደግሞ ከሆላንዶች ወስደው ነው። አሜሪካን «ቤይኮኩ» ይሏታል፤ ፊደሉ ሲነበብ የሩዝ አገር ማለት ነው።

«ሩዙን የምትበሉት እናንተ፣ ስሙ ለአሜሪካ?» አላቸው አሻግሬ።

«ፊደሉን ለድምፁ ብለን ነው የወሰድነው፤ ሩዙ ሳይጠራ መጣ» ብለው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ብዙ ሳሉ።

ሁሉንም ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ ጽፈውታል። ጃፓንኛ ለማትችለው የልጅ ልጃቸው ብለው ነው። አሻግሬ በእጁ ጽፎ ሊገለብጠው ለመናቸውና ሰኞ ዕለት አዋሱት።

«ረቡዕ መልስልኝ፤ ሐሙስ ሆስፒታል እገባለሁ። ከዚያ በፊት ለልጅቷ ልስጣት።»

ረቡዕ ሁለት ገጽ ቀርቶት ነበር። «አንድ ቀን ብቻ ይጨምሩልኝ፣ እማማ» አላቸው። እምቢ ማለት ከበዳቸው። «ኦኬ፣ ስመለስ» ብለው ወረዱ።

አልተመለሱም። በወሩ ኑድል ቤቱ ተዘጋ፤ በቦታው በርገር ቤት ተከፈተ። አሻግሬ በእረፍቱ ቀን ደብተሩን ይዞ የሠራተኞች ባጅ የሚሰጥበት ቢሮ ሄደ። የቢሮው ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ጣቷን አስቀምጣ ጠበቀችው።

«ስማቸው?»

አሻግሬ የደብተሩን ሽፋን አገላብጦ አየ። ስማቸው የተጻፈበት ባጅ ሁልጊዜ ኮታቸው ውስጥ ነበር።

ይህን ለሥራ ባልደረባው ለገመቹ ሲነግረው፣ ገመቹ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው።

«ጋሼ፣ ዶይትሱ ከየት እንደመጣ እኛን ሁላችንን ስታስተምር ከርመህ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን አልጠየቅክም?»

«ትልቅ ሰው ናቸው እኮ። እንዴት ብዬ ስምዎ ማነው እላለሁ? እማማ ነው የምላቸው።»

ገመቹ የአሻግሬን ፊት ሲያይ ሳቁን አቆመ።

ደብተሩ ላይ የአገር ስም እንጂ የሰው ስም የለም። አሻግሬ ደጋግሞ አይቶታል። አሁን ከመሪው አጠገብ፣ የሚሳፈር ሁሉ እንዲያየው ሽፋኑን ወደ በሩ አዙሮ አስቀምጦታል። ወጣት ጃፓናዊት በገባች ቁጥር፣ ምናልባት የልጅ ልጃቸው ብትሆን ብሎ፣ አውቶቡሱን ሳያንቀሳቅስ ትንሽ ይቆያል። የቀሩትን ሁለት ገጾች እስካሁን አልገለበጣቸውም።