አባቴ የዘፈነብኝ ጋቢ

ከሽሮ ሜዳ የወጣሁበት ማታ የቤታችን የክብር እንግዳ ሚዛን ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ከድር የበርበሬ ጆንያ የሚመዝኑበትን ትልቁን ሚዛን ይዘው መጡና በገመድ ከጣሪያችን ማገር ላይ ሰቀሉት። ሻንጣዬ ተንጠለጠለ። «ሃያ አምስት!» አሉ ሐጂ። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። ከዚያ በኋላ ስንብት የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላው ቤተሰብ ልጁን ሲሸኝ ያለቅሳል፤ የእኔው ቤተሰብ ሻንጣ ከቦ ሽሮ ይቀንስ ወይስ በሶ እያለ ይከራከራል።

ከአሁኑ ልናዘዝ። የእኔ ስደት የሚወራለት ስደት አይደለም። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ጀልባ ላይ አልወጣሁም። ጀርመን ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አውስቢልዱንግ የሚሉትን፣ እየሠሩ መማርን ፈቅዶልኝ፣ በቪዛ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» እየተባልኩ የተሰደድኩ ነኝ። በባሕር የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ይቅር በሉኝ። እኔ ዶሮ ነው ያልኩት።

አባቴ ጋሽ ታደገ ሸማኔ ነው። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ እግሩን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተተ እዚያው አረጀ። ሸማኔ ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ እኛ ቤት አዲስ ጋቢ አይለበስም። አዲሱ ሁሉ የገበያ ነው፣ ለእኛ የሚደርሰን ጥለቱ የተዛነፈበት ብቻ ነው። ለእኔ መንገድ ግን እናቴ ፈተለች፣ አባቴም ገና ሊደርስ ሲል፣ ሰው ሁሉ ልብስ አድርስልኝ እያለ በር በሚያንኳኳበት ሰሞን፣ ትእዛዝ እየመለሰ ጋቢ ሠራልኝ። ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን ቀይ ጥለት ጣለበት። ሲሰጠኝም «ብርድ ነው አሉ» ብቻ አለኝ። እሱ ብዙ የሚናገረው ሲዘፍን ነው።

እነሱ በሽሮውና በበሶው ሲከራከሩ እኔ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ጓዳ ገባሁ። ጋቢውን አወጣሁና የተረፈ ልቃቂት የሚጠራቀምበት ጆንያ ውስጥ ከታች ቀበርኩት። ተመልሼ ሻንጣው ሲሰቀል ሐጂ «ሃያ ሦስት! ማሻአላህ!» አሉ።

«ምን ቀነስሽ?» አለኝ አባቴ።

«ሽሮውን» አልኩት።

ሽሮው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ለሽሮ ቦታ ያልጠፋበት ሻንጣ ለጋቢ ጠበበ። ለምን ብትሉኝ፣ አፍሬ ነው። ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» እየተባልኩ አድጌ፣ አውሮፓ ደግሞ በጋቢ ተጠቅልዬ ልውረድ? ለአውሮፓ የሚሆን ጃኬትማ ከመርካቶ ገዝቻለሁ። ሻጩ «የዳክዬ ላባ ነው፣ በረዶ ላይ ያስተኛል» ብሎ ምሎልኛል። ላይፕዚግ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ዝናብ መታውና የዳክዬው ላባ ስፖንጅ ሆኖ ተገኘ።

ሌላም የማፍርበት ነገር ነበረኝ። አባቴ ዘፋኝ ነበር። ዘፋኝ ስል የሚዘፍን ማለቴ ነው፤ የሚሰማውማ አልነበረም። በወጣትነቱ ክራሩን ይዞ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሠርቶ አንድ ካሴት አሳትሟል። ያልተሸጠው በካርቶን በካርቶን ሆኖ ወደ ቤታችን ተመለሰ። እናቴ ብልህ ናት፣ ካርቶኖቹን ደርድራ ብርድ ልብስ አለበሰችባቸውና መቀመጫ አደረገቻቸው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የአባቴ ሙዚቃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተቀምጦበታል፤ ያዳመጠው ግን የለም። እኔም አላዳመጥኩትም።

ላይፕዚግ እንደገባሁ መጀመሪያ የተላክሁት ወደ ነዋሪ መመዝገቢያ ቢሮ ነው። ምዝገባው አንሜልዱንግ ይባላል። እሱ ከሌለሽ መኖርሽ አይታወቅም።

«የቤተሰብ ስም?» አለኝ ሰውዬው።

«የለንም። ታደገ የአባቴ ስም ነው።»

«እሺ፣ የቤተሰብ ስም ታደገ። የአባትዎ ስም?»

«ታደገ።»

«ታደገ ታደገ?»

«አይደለም። አባቴ ታደገ ሻንቆ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ አባትዎ ከሌላ ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው?»

«ከሽሮ ሜዳ ነው» አልኩት። ምን ልበለው? እንደዚያ ሆኖ ተመዘገበ። የፖስታ ሳጥኔ ላይ «ታደገ»፣ የበር ደወሌ ላይ «ታደገ»፣ የሥራ ልብሴ ደረት ላይ «ታደገ»። አባቴን ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ብመጣም እሱ ቀድሞኝ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ስደውል የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ጋቢው ይሞቅሻል?»

«በጣም ይሞቀኛል፣ አባዬ።»

«ተመስገን» አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ይህንኑ ጠየቀኝ። እኔም ውሸቱን እንደ ጥሩ ሸማኔ አሳመርኩት። «አጠብሽው?» ሲለኝ «በእጄ ነው ያጠብኩት» እለዋለሁ። «የጥለቱ ቀለም አልለቀቀም?» ሲለኝ «ምንም! ገና አዲስ ነው» እለዋለሁ። እሱም «ተመስገን» ይላል። ይህን ሁሉ የምለው ከአንድ ርካሽ ሱቅ የገዛሁት፣ ድመት የተሳለበት ብርድ ልብስ ውስጥ ተኮራምቼ ነው።

አከራዬ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክሩገር ከበታቼ ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሩሄሳይት የሚባል ሕግ አላቸው፤ ሰው ዝም ይላል፣ ውሻ ዝም ይላል፣ ውኃም ቀስ ብሎ ይፈስሳል። እኛ ሀገር ቅዳሴ ላይ እንኳ ዲያቆኑ ሦስት ጊዜ አሳስቦ ነው ሕፃናቱ ዝም የሚሉት። አንድ ቀን ወጥ ስሠራ በሬን አንኳኩ።

«ፍራው ታደገ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አንድ ሰዓት።»

«ምን አጥፍቶ?» አሉኝ።

እንዲህ ተፈቃቅረን ስንኖር በአራተኛው ክረምት ሴትየዋ እንደገና አንኳኩ። ሽንኩርት አልጣድኩም፣ ዘፈንም አልከፈትኩም። እሳቸው ግን እንባ እንባ ብሏቸዋል።

«ፍራው ታደገ፣ በራዲዮ አንድ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊ ሰማሁ። ስሙ በርሽ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ነው። ትዛመዳላችሁ?»

እናቴ ሁለት የሰፈር ልጆች ማይክሮፎን ይዘው መጥተው አባትሽን እያዘፈኑት ነው ብላኝ ነበር። እኔ «ጥሩ ነው፣ ያጫውቱታል» ብዬ አለፍኩት። ለካ ሙሉ አልበም ነው። አባቴ የበዓል ሥራ ስለነበረበት «እጄን አላስፈታም፣ ከፈለጋችሁ እየሠራሁ ልዝፈን» ብሏቸው እየሸመነ ነው የተቀዳው። ፍራው ክሩገር ያነበቡት ጋዜጣ ይህን «ደፋር የምት አጠቃቀም» ብሎታል። ደፋሩ ምት ለአንዲት ሙሽራ የሚደርስ ቀሚስ ነው።

«አባቴ ነው» አልኳቸው። ከሀገሬ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ቃል አፌን ሞልቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱንም ያልኩት ታዋቂ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። ሴትየዋ አቀፉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩሄሳይት ሰዓት የአባቴ ድምፅ ከታች ወለሌን ያንቀጠቅጠው ጀመር። እኔ ሥራ አለብኝ፣ በኋላ እሰማዋለሁ እያልኩ ጆሮዬን በትራስ እደፍን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። ምን እንደምፈራ ግን አላውቅም ነበር።

ሀገር ቤትማ ጉድ ሆነ። ድሮ ክራሩን ሲያነሳ መስኮት የሚዘጋ ሰፈር አሁን «እኛ ድሮም እናውቀው ነበር» ይላል። ፂማቸውን ያሳደጉ ወጣቶች ከቦሌ በሚኒባስ እየመጡ ከጉድጓዱ አጠገብ ፎቶ ይነሳሉ። የድሮው ካሴት በመብራት ይፈለጋል። እናቴ ከእነ ካርቶኑ መቀመጫዋን ልታጣ ሆነ።

እዚህም እንደዚያው ነው። ሱራፌል የሚባል ልጅ ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ለአባቴ አልበም የማዳመጥ ዝግጅት አዘጋጀ። ማንነቴን ሳልናገር ከፍራው ክሩገር ጋር ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። ሱራፌል ነጭ በነጭ ለብሷል፤ ጋቢ ደርቧል፣ ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ እየነደደ።

«ጋሽ ታደገን ዓለም ዛሬ አገኘው እንጂ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከካሴቱ ጋር ነው ያደግኩት» አለ።

ከካሴቱ ጋርስ እኔም አድጌያለሁ።

«አሁን የአልበሙን ዘውድ እንስማ» አለ። «ርዕሱ ‹ይሞቃል› ይባላል።»

ርዕሱን ስሰማ የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የሽመናው ድምፅ መጣ፤ መወርወሪያው ሄዶ ሲመለስ አወቅሁት። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ አርጅቷል።

ባሕር ማዶ ሆና ይሞቃል ትላለች፣
እኔ ለብሼዋለሁ፣ እሷ ምን ለብሳለች?

ይቺን ሁለት መስመር ደጋገማት። ሌላ ብዙ ነገር የለውም ዘፈኑ።

ሰዉ አጨበጨበ። ሱራፌል አይኑን ጨፍኖ ቆየና ማስተማር ጀመረ። «‹ባሕር ማዶ› ወዲያኛው ዓለም ነው። ‹እሷ› የተባለችው ነፍስ ናት። ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ!»

አንዲት ሴት «እኔ ግን እሷ የተባለችው ሀገር ትመስለኛለች» አለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ «ፍትሕ ናት» አለ። ፍራው ክሩገር አስተርጓሚ ሳይኖራቸው ያለቅሳሉ፤ ከሁሉም የተሻለ የገባቸው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

እጄን አወጣሁ። «ስለ ጋቢ ነው» አልኩ።

«አቤት?» አለ ሱራፌል።

«ዘፈኑ ስለ ጋቢ ነው። ጋቢ ሠርቶ ለልጁ ሰጣት። ልጅቱ ጥላው ሄደች። ከዚያ ይሞቀኛል እያለች ዋሸችው። ወርቅ የለውም፤ ጋቢ ብቻ ነው ያለው።»

በሐዘኔታ ፈገግ አለልኝ። «እህቴ፣ ኪነ ጥበብ እንዲህ ላይ ላዩን አይታይም» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ወጣሁና ትራም ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አራት ዓመት ሙሉ ጋቢው ይሞቅሻል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ለብሶት ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ደወልኩ። እናቴ አነሳችው፤ ከኋላዋ ጫጫታ አለ።

«ቤቱ በሰው ተሞልቷል! አድናቂ ነው አሉ። አንዱማ ክራሩን ስሞ አለቀሰ፣ ምን ነካው?»

«እማዬ፣ አባዬ ጋቢውን መቼ ነው ያገኘው?»

«ሰማሽው እንዴ ዘፈኑን?» አለች። «በሄድሽ በማግሥቱ ነው፤ ክር ሊያወጣ ጆንያውን ገለበጠው። እኔ ልንገራት ብል ‹ተይ፣ ታፍራለች› አለኝ። በይ እንቺ፣ አናግሪው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ጫጫታው ራቅ አለ፤ ጓዳ ገብቶ ነው መሰለኝ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አባዬ፣ ለምን አልላክህልኝም?»

«ብልክልሽ ማወቄን ታውቂያለሽ።»

«እና ዘፈንከው? ጀርመኖች እንኳ ሰምተውታል እኮ!»

«እኔ ሰው ይሰማዋል ብዬ መቼ አሰብኩ?» አለኝ፤ ከልቡ ተገርሞ ነው። «የፊተኛውን ማን ሰማው?»

የፊተኛው ላይ ተቀምጠው ፊደል ከቆጠሩት አንዷ እኔ ነኝ። «እኔም አልሰማሁትም አባዬ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ።

ሀገሬ መግባት የምችለው ትምህርቴን ጨርሼ ወረቀቴ ሲታደስ ነው። መቼ እንደሚታደስ ቢሮውን ብጠይቅ «ደብዳቤ ይደርስዎታል» ይለኛል። ይህን ለአባቴ ልነግረው ፈለግሁና አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ።

«አባዬ፣ በርዶኛል» አልኩት።

ከበስተኋላው አንድ ሰው «ጋሽ ታደገ፣ ፎቶ!» እያለ ይጣራል።

«የጥለቱ ቀለም ለቅቋል» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳትቀየሚኝ፤ ደጋግሜ ለበስኩት።»