ወፍጮ ቤት እያለች የምትመጣው ልጅ

ከባለቤቴ ከታምራት ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግቢያችን መሀል ቆመን እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይዘን እናጠማዝዛለን። ውሃው ጫማው ላይ ወረደና ምነው ሳታወልቅ መጣህ ብዬ ተቆጣሁት፤ ሳቀብኝ። ከዚያ ድንገት፣ «ጫልቱ አሁን ልጆች ይኖሯት ይሆን?» አለ። «እንጃ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልኩት። ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ሰቅለን ገባን። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ያን ጥያቄ እንደዚያ መመለሴ ከልቤ አይወጣልኝም።

ልጅ እያለሁ እኛ ሰበታ የምንኖርበት ሰፈር ከቤቱ ማሳው ይበዛ ነበር። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል እንሰበሰባለን። ክፍሏ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ትሸታለች፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ አንሰማም። የሚያስተምረን ጋሽ ማቴዎስ ከሆሳዕና መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር። የጠዋት ፈረቃውን እንደጨረሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ይመጣል። እኛ ውጭ ሱዚ ስንዘል ቆይተን አቧራ ለብሰን እንገባለን።

ጋሽ ማቴዎስ ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምረን ነበር። ጥንድ የሆኑ ልጆች የሳምንት ድካማቸውን ይነጋገራሉ፣ አንዱ ለሌላው ይጸልያል፤ እዚያ የተነገረው እዚያው ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ እንያያዛለን። አንዱ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ሌላው አሜን ይላል።

የእኔ ጥንድ ጫልቱ ነበረች፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ሱዚ ላይ የሚያህላት አልነበረም። ኦሮምኛ ስሞክር ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች፤ ከዚያ ቃሉን ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች። በቤታቸው ያለው እምነት ሌላ ስለነበር ወደ እኛ የምትመጣው ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ ብላ ነው። እህሉን በጆንያ ተሸክማ ሄዳ ሰልፍ ላይ ታስቀምጠውና እየሮጠች ትመጣለች። አጠገቧ ስቀመጥ ልብሷ ትኩስ ዱቄት ይሸተኝ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ልትጠመቅ እንደወሰነች ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ለአባቷም ራሷ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ የሚመች ቀን ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

እኔ ደግሞ በጸሎት የታወቅሁ ልጅ ነበርኩ። ትልልቆቹ ሳይቀሩ ይህች ልጅ ጸሎት ተሰጥቷታል ይሉኝ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጫልቱ ቀረች፤ የመጸለዩ ተራ የእኔ ሆነ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ እንባም መጣልኝ። «ጌታ ሆይ፣ ወፍጮ ቤት እያለች ተደብቃ የምትመጣዋን እህታችንን አስባት። እስክትጠመቅ ድረስ የአባቷን ዓይን ጋርድልን» ብዬ ጸለይኩ። ስሟን ስላልጠራሁ ምስጢሯን የጠበቅሁላት መስሎኝ ነበር። ሁሉም አሜን አለ። ጎልቶ የተሰማኝ የታምራት ነው፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ድምፁ ገና መጎርነኑ ነው።

ልጆቹ እቤታቸው ገብተው ወሬውን አወሩ፤ እናቶች ገበያ ላይ ተነጋገሩበት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ከአባቷ ከኦቦ ገመቹ ጆሮ ደረሰ። በሳምንቱ ቅዳሜ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ በሩ ላይ ቆሙ። ወፍጮ ቤት ሄደው ልጃቸውን ቢያጧት፣ ሰልፍ ላይ ያገኙትን ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን። ጋሽ ማቴዎስ ተነሥቶ እንዲቀመጡ ለመናቸው። አልተቀመጡም።

«በሃይማኖታችሁ አልጣላችሁም፣ ጎረቤቶቼ ናችሁ» አሉ። «ልጄን ግን ውሸት አስተማራችኋት። እኔ ቤት ውሸት አልነበረም።»

ጋሽ ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። ጫልቱ ተነሥታ አባቷን ተከትላ ወጣች። ማን እንደተናገረ አልጠየቀችም፤ ወደ እኔም አላየችም። ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ተፍኪ ከተማ አጎቷ ጋ ተልካ ትምህርቷን እንዳቆመች በኋላ ሰማን። ጋሽ ማቴዎስ ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ ኦቦ ገመቹ ደጅ ሄዶ ነበር። በዓመቱ ሥራውንም እኛንም ትቶ አገሩ ገባ። እኔን አንድም ሰው አልተቆጣኝም።

ታምራትን ካገባሁ በኋላ ነገሩ ሲነሣብኝ፣ «አንቺ ጸለይሽ፣ እኔ አሜን አልኩ። እኩል ነን» ይለኝ ነበር። ተፍኪ ሁለት ጊዜ አብረን ሄደን ፈለግናት። በመጀመሪያው የሚያውቃት አጣን። በሁለተኛው አንድ ሽማግሌ አጎቷ መሞታቸውን፣ ቤቱ መሸጡን፣ እሷም አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ መጥፋቱን ነገሩን። ከዚያ ወዲያ የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

ታምራት የቤተ ክርስቲያናችንን ታዳጊዎች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረ። ከትምህርቱ በኋላ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሊያወራው የፈለገውን ልጅ ሁሉ ይሰማል። ምን እንዳሉት ለእኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ከወላጁ ተደብቆ የሚመጣ ካለ አብሮት እቤቱ ሄዶ፣ ልጁ ራሱ እስኪናገር አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ትልቅ መጋዘን ቆሟል። የቆርቆሮዋ ክፍል በብሎኬት ተሠርታለች። የጸሎት ርዕስ በቴሌግራም ይላካል፤ ታምራት በሞተ ሰሞን እኔም ከነፎቶዬ ተልኬ አይቻለሁ። ያኔ ጎረቤት ለጎረቤት ሳምንት የፈጀው ወሬ አሁን አሜን ሳይባል ይደርሳል። ልጆቹ ግን ያው ናቸው፤ ሲፈሩ እንደ እኛው ጥፍራቸውን ይበላሉ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በታምራት ቦታ ታዳጊዎቹን እንድይዝ ለመኑኝና ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። በሦስተኛው አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሌሎቹ እስኪርቁ ቆየችና፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ለማንም አይነግሩም አይደል?» አለችኝ።

«ለእኔ አትንገሪኝ» አልኳት።

ያልኩት ሳላስበው ነው። ልጅቷ «እሺ» አለች፣ በትሕትና። ስልኳን አውጥታ የምታነብ መስላ ትንሽ ቆመችና ሄደች። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስሟን አላወቅሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት እንዳልመጣች ነገሩኝ፤ እኔም አልሄድኩም ነበር። ምን ልትነግረኝ እንደነበር አላውቅም። እንደ ታምራት አንቺ ብቻ አይደለሽም የሚለኝም ሰው የለም።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴን ዘግቼ እተኛለሁ።