ጠበል የነካቸው ሃያ ሁለት ካሴቶች

የምኖረው ዛሪማ ነው፤ በየሳምንቱ ለገበያ ደባርቅ እወጣለሁ። ባለፈው ሐምሌ መናኸሪያው ውስጥ ከዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ፣ ከዳባት ከመጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ካርቶን ወረደ። ባለቤቱ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ካርቶኑ መራስ ሲጀምር አንዲት ሴት ከማዶ ሮጣ መጣችና የራሷን የዝናብ ልብስ አውልቃ አለበሰችው። ሽማግሌውን አታውቃቸውም፤ ውስጡ ምን እንዳለም አልጠየቀችም። እሷ ግን በስብሳ ቀረች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ቀን የምሳፈርበት መኪና ዘገየ። ካርቶኑን ከሽማግሌው ጋር ተሸክሜ ማዶ ወዳለው የሴትዮዋ ሱቅ ገባሁ።

አገርነሽ ትባላለች። ስልክ ትጠግናለች፤ መዝሙር በሚሞሪ ትጭናለች። የበየዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈችም። ሙያውን የጀመረችው የአባቷን ሬዲዮ ፈትታ መግጠም አቅቷት በተገረፈች ማግስት፣ ደግማ ፈትታ ስትገጥመው ነው።

ሽማግሌው መሪጌታ ዋሴ ናቸው፤ ዳባት አጠገብ ድጓ ያስተምራሉ። ካርቶኑ ሲከፈት ሃያ ሁለት ካሴት ወጣ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት መምህራቸው የኔታ ደምለው ሲያስተምሯቸው የቀዱት ነው። የኔታ ዐርፈዋል። የእሳቸውን የዜማ ስልት አሟልቶ የያዘ ሌላ ደቀ መዝሙር በሕይወት የለም፤ መሪጌታም ከታመሙ ወዲህ አንዳንዱ እየጠፋባቸው ነው። ደባርቅ የመጡት ካሴቶቹን የሚያድንላቸው ሰው ፍለጋ ነው።

«ካሴቶቹ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሻገቱት?» አለች አገርነሽ።

መሪጌታ አቀረቀሩ። «በየኔታ ሙት ዓመት፣ ለበረከት ብለን ጠበል ረጨንባቸው።»

«ውይ መሪጌታ! ጠበል ለሰው ነው እንጂ ለካሴት ማን አዘዘው?»

«ድምፁም ይባረክ ብለን ነዋ፣ ልጄ።»

ሁላችንም ሳቅን። የመሪጌታ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

አገርነሽ ካሴቶቹን ተረከበች፤ እኔም ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጎራ እል ጀመር። አገርነሽ ካሴቱን በትንሽዬ የሰዓት መፍቻ ትፈታለች፤ የክሩን ጥቅል አውጥታ ሻጋታውን በለስላሳ ጨርቅ ክንድ በክንድ ትጠርጋለች፤ ጥላ ውስጥ ታደርቃለች፤ ከገበያ በለቀመችው አሮጌ የካሴት ቀፎ መልሳ ትገጥማለች። ከዚያ እያጫወተች ወደ ኮምፒውተር ትቀዳለች። አንዱ ካሴት ቀኗን ሙሉ ይበላል።

ጎረቤቷ ባለሱቁ ቻላቸው በበሩ ብቅ እያለ ያሾፍባታል። «አገርነሽ፣ ሙዚየም ከፈትሽ እንዴ?»

«ካሴት ሞተ ያለህ ማነው? በውጭ አገር ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች እንዳይጠፋ የሚፈልጉትን ዛሬም በካሴት ክር፣ በቴፕ ነው የሚያስቀምጡት። መዳፍ የምታክል አንዷ ካሴት በሺሕ የሚቆጠር ፊልም ትይዛለች፤ ገና ደግሞ እጥፍ እናደርጋታለን እያሉ ነው። ያንተ ፍላሽ እስከ ፋሲካ ከደረሰ ተመስገን በል!»

ቤቴ ገብቼ አነበብሁ፤ እውነቷን ነው። ማቆየትን የብራና ጸሐፊዎቻችንም ያውቁበት ነበር፤ መጽሐፍ ዕድሜ የሚያገኘው ሳያረጅ ወደ አዲስ ብራና ስለሚገለበጥ ነው።

በመስከረም የመጨረሻው ካሴት ቀረ። ሁለት ቦታ ተበጥሶ ነበር፤ ቀጠለችው። መሪጌታ ተጠርተው መጡ። አገርነሽ አማተበችና የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነች። መጀመሪያ «ሽ...» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ሱቁን ሞላው። መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት። ድንገት ዜማው ቆመ።

«ዋሴ! ምን ነካህ? ደግመህ በል!» አለ ካሴቱ።

የስድሳ አምስት ዓመቱ መሪጌታ ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አቤት የኔታ!» አሉና ከድምፁ ጋር አብረው ደገሙት። ጠፍቶባቸው የነበረው ስፍራ ያ ነበር። ሳይሰናከሉ ተሻገሩት! ደጅ የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ። ቻላቸው ቆቡን አወለቀ።

ሃያ ሁለቱም ዳኑ። ሠላሳ ሦስት ሰዓት ዜማ፣ ኪስ በሚገባ ሃርድ ዲስክ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ያልተነካ ቦታ ሞልቶታል።

መሪጌታ መርቀውን ሄዱ። አገርነሽ ሦስት ዲስክ አዘጋጅታ ኖሯል፤ አንዱን ለእሳቸው ሰጥታቸዋለች። አንዱን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈች። ሦስተኛውን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ እሳት አለ፣ ሌባ አለ። ዲስክም እንደ ሰው ያረጃል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወደ አዲሱ መገልበጡ አይቀርም። እስከዚያ ይቺን ዛሪማ ወስደው ያኑሩልኝ። ሙቀት አትወድም፤ ከቤትዎ ቀዝቃዛው ጥግ ያድርጓት። በየስድስት ወሩ ደግሞ ይዘዋት ይምጡ፤ ደኅና መሆኗን ከፍቼ አያለሁ።»