ልጄ የመረጠችው ራቼት

መካኒክ ነኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄን እንቅልፍ የሚወስዳት የብሎን መፍቻ ራቼቴን ቀጭ ቀጭ ሳደርግላት ብቻ ነበር። እሱንም ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ ማሳ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ስፈታ ጭቃ ዋጠብኝ። በማግሥቱ ልጄን አዝዬ ወረታ መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። አዳዲሶቹን ራቼቶች አንድ በአንድ በትከሻዬ በኩል ጆሮዋ ሥር አዞርሁላት። ለቅሶዋን አላቆመችም። የባለሱቁ አዛውንት ትዕግሥት ግን አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ብሎን ልትፈታ ነው ወይስ ክራር ልትቃኝ?»

ከመደርደሪያው ሥር የተጣለ አሮጌ ራቼት አነሣሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

«ይህን ይሽጡልኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተው! ጥርሱ አልቋል፤ ወዲያም ወዲህም ይንሸራተታል። አንድ ብሎን አይፈታልህም!» ብለው ጮኹ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣» አልኋቸው፤ «እንዳትነቃብኝ።»