መርከቡ አሊን አየው

ስልኩን ይዛ የምትጽፈው ጎረቤቴ አስቴር ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ዓሣ አጥማጁ ወዳጄ አሊ እዚህ ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር ድረስ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ጋሼ፣ መርከቡ አየኝ! ጡሩምባውን ነፍቶ ዞረልኝ!»

አሊ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ አቧራው ባሕሩን ጋርዶት ነበር። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ደግሞ የመርከብ ራዳር ላይ በደንብ አትታይም፤ መርከቡ ሳያያት ሊደፈጥጣት ይችላል።

ያሳየችው እኔ የሠራኋት ኳስ ናት። ስትተነፍስ ተጣጥፋ መቀመጫ ሥር ትገባለች፤ ስትነፋ ውስጧ ያሉት ብርማ ሸራዎች ተወጥረው የራዳሩን ሞገድ ወደ መርከቡ ይመልሳሉ።

የመጀመሪያዋን በጠዋት እንደ ከባድ መኪና ጎማ ጢም አድርጌ ነፋኋት፤ የጅቡቲ ቀትር አፈነዳት። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ የጠገነ ሰው ይህን ይስታል? እኔ ሳትኩ!

አሊ «ጋሼ፣ ለኳስ ተጫዋቾች ስጣት» ብሎ ሳቀብኝ። ትርፍ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ ገጥሜ ሁለተኛዋን ስሰጠው ግን አምኖኝ ይዟት ወጣ። ስላመነኝ አመሰግነዋለሁ። ያንን የማላውቀውን ካፒቴንም እግዜር ይስጠው።

አስቴር «ኢንጂነር ብዬ ልጻፍ?» ትለኛለች። ጎሚስታ ብለሽ ጻፊ!

እናንተስ፣ የእጃችሁ ሥራ ሰው አትርፎ ያውቃል? ንገሩኝ።

በይ አስቴር፣ አሁን አንብቢልኝ። «ዞረልኝ» ያለውን ሁለት ጊዜ።