አንገታቸውን ያሰርኳቸው የሐር ትሎች

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር የካ አባዶ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ስናልፍ አንድ የጉሎ ተክል አየሁ። ቅጠሉን ትል በልቶታል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን እያገላበጥኩ ትሉን ፈለግሁ።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው። ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ ልጄ።

ምንም አልጠፋብኝም። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። ከቤታችን ወዲያ ሜዳ ነው፤ ክረምቱን የጠገበ ጉሎ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ኅዳር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው እግሬን እያራሰኝ ለሐር ትሎቼ ቅጠል እለቅም ነበር። ትሎቹ የመመረቂያ ጥናቴ ነበሩ። ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በእናቴ አሮጌ ሰፌድ ላይ ነው ያሳደግኋቸው። ሲበሉ ድምፃቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል።

ትል ጊዜው ሲደርስ መብላቱን ያቆማል። ከዚያ ሐሩን ፈትሎ፣ በውስጡ ቆዳውን ጥሎ ቡናማ ቅርፊት ይለብሳል፤ በኋላም ክንፍ ያወጣል። ጊዜው መድረሱን የሚያሳውቀው ከአንጎሉ የሚወጣ ሆርሞን ነው ይላሉ መጻሕፍቱ። ሆርሞኑ ፔፕታይድ ነው፤ አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በተራቸው የተሰኩበት ሰንሰለት። ሁለት መንታ ሰንሰለቶች ተቆላልፈው አንድ መልእክት ይሆናሉ። መቆላለፊያው ከተፈታ ፍሬዎቹ አንድም ባይጎድሉ፣ ደረቱ ውስጥ ሆኖ መልእክቱን የሚቀበለው ዕጢ አያውቃቸውም። እግዚአብሔር ለትል እንኳ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ሳስብ ያኔም ይደንቀኝ ነበር።

ሆርሞኑን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ መልእክቱ ከራሳቸው ወደ ሰውነታቸው እንዳያልፍ፣ መብላት ካቆሙት ትሎች የተወሰኑትን ከራሳቸው ኋላ በስፌት ክር ጥብቅ አድርጌ አሰርኳቸው። ያልታሰሩት ሐራቸውን ፈትለው ቅርፊታቸውን ለበሱ። የታሰሩት ሲነኳቸው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ትል እንደሆኑ ቀሩ። መምህሬ እኛ ቤት መጥተው እስኪያዩልኝ እንዲሁ እንዳሉ እንዲቆዩልኝ ነበር ጸሎቴ። ሌላ ትል ለማሳደግ ጊዜ አልነበረኝም። ጥናቱ ከተበላሸ ዓመቱን መድገም ነው፤ በእኛ ቤት አቅም ደግሞ መድገም ማለት ትምህርቱን መተው ነበር።

በመካከሉ የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እናቴ በየዓመቱ ትዘክራለች። የነፍስ አባታችን ይመጡና ዕቃ ቤቱ ሳይቀር ጠበል ይረጫሉ። እኔ ለእንግዶቹ የጎደለ ነገር ልገዛ ሾላ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ እናቴን መነጽሯን አድርጋ፣ መርፌ ይዛ ሰፌዱ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጨርሻለሁ። ሁሉንም ፈትቻቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«አባ ሊመጡ ነው። በሚካኤል ቀን አንገቱ የታነቀ ነፍስ ቤቴ አይውልም።»

«ትል እኮ በአንገቱ አይደለም የሚተነፍሰው። በጎኑ ነው።»

«በጎኑም ይሁን። ታስሮ ግን አይተነፍስም።»

አባ ሲመጡ ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ ወስዳ ሰፌዱን አሳየቻቸው።

«ጠበሉ ቅጠላቸውን ያበላሽባታል» አሉ። «በመስቀል ብቻ ልባርክ። ትል ባርኬስ አላውቅም።» ባረኩም። እናቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

መምህሬ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ከተፈቱት ገሚሶቹ ሞተዋል። የቀሩት ግን ሐር ባይፈትሉም ቆዳቸው ተሰንጥቆ እስከ ጅራታቸው ቡናማ ሆነዋል።

መምህሬ ጎንበስ ብለው ክሩ የነበረበትን ቦታ አንድ በአንድ አዩ።

«ማን ፈታቸው?»

«እናቴ።»

«ክሩ ነርቩን ጨፍልቆታል። መልእክቱ በነርቭ የሚሄድ ቢሆን ክሩ ከተፈታም በኋላ አይደርስም ነበር። በደም ነው የሄደው። እንዲህ አድርገሽ ልታሳዪኝ አስበሽ ነበር?»

«አላሰብኩም።»

«እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ልጄ ታልፋለች ወይ?» አለቻቸው።

«ታልፋለች፣ እናቴ።»

«ተመስገን» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። መምህሬ ምሳ ሳይበሉ አልወጡም።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔ ባዮሎጂ እያስተማርኩ ልጆቼን አሳደግሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ሁሉ ጉሎው አጠገብ ቆመን ለልጄ ነገርኳት። «ብትወድቂ ኖሮስ?» አለችኝ።

«እሷማ ያው ትፈታቸው ነበር» አልኳት።

እናቴ ትሎቹን የፈታችው ለእኔ ውጤት ብላ አልነበረም። ታስረው ማየት ስላልቻለች ብቻ ነው። ያን ቀን የተናደድኩባት በዚህ ነበር፤ ዛሬ በጸሎቴ ስሟን ስጠራ አስቀድሜ የማመሰግንላትም ይህንኑ ነው።